ሞኒተሩ ሳይጠፋ ኮምፒውተሩ ለምን ይጠፋል? የአንድ ኮፒ ቤት ጉዳይ

ጥቅምት 11 ቀን 2017፣ ሰኞ ጠዋት ነው የተደወለልኝ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የሚሠሩ እናት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። "ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር በቁሜ ሊገድለኝ ነው" አሉኝ። "ዝም ብሎ ድርግም ይላል። ሰው ፊት አዋረደኝ።"

ጥቅምት ለእነሱ የሥራ ወር ነው። ፍርድ ቤቱ ከክረምት እረፍት ተመልሷል፣ አቤቱታ የሚያስጽፈው፣ መልስ የሚያስጽፈው፣ ውክልና ኮፒ የሚያስደርገው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ነው። ከመደወላቸው ጥቂት ቀን በፊት አንድ ሽማግሌ የይግባኝ ቀናቸው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው መጥተው ነበር። አራት ገጽ ተጽፎ አምስተኛው ላይ ኮምፒውተሩ ጠፋ። አብዛኛው ሴቭ አልተደረገም። ሀ ተብሎ እንደገና ተጀመረ። ሽማግሌው ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ከዘራቸውን ሲያዞሩ ማየት ነው እትዬን ያሳመማቸው።

ይህን ጉዳይ ከሀ እስከ ፐ የምጽፈው ምክንያት አለኝ። ድንገት የሚጠፋ ዴስክቶፕ እኛ አገር የሚታከምበት መንገድ አንድ ዓይነት ሆኗል። መጀመሪያ ፎርማት። ካልሆነ ራም ይቀየራል። ካልሆነ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው ሣጥን። ካልሆነ "ቦርዱ ነው፣ ሌላ ግዙ"። በእያንዳንዱ እርከን ባለቤቱ ይከፍላል። መቼ መቼ ነው የሚጠፋው ብሎ ቁጭ ብሎ የጻፈ ግን አይገኝም። እኔም መጀመሪያ አልጻፍኩም፤ ለዚያ ነው አስር ቀን የፈጀው።

ከእኔ በፊት ሁለት ሰው አይቶታል። አንዱ ፎርማት አደረገው። ዴስክቶፑ ላይ የነበረውን ፎልደር ሳይገለብጥ ነው ያደረገው፤ የዓመታት የአቤቱታ ፎርም፣ የውል ፎርም፣ የውክልና ፎርም ሄደ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰው ኮምፒውተር ሲሰጣችሁ ፋይሉን ነው የሚሰጣችሁ፤ ብረቱ ይተካል። ሁለተኛው ራሙን ቀየረው። ራሙ ሲቀየር ሁለት ቀን ደህና ዋለ፣ ሦስተኛው ቀን እንደገና ድርግም።

ሱቁ ስደርስ ኮምፒውተሩን አልነካሁም። መጀመሪያ ጠየቅኩ። ሲጠፋ "ሹቲንግ ዳውን" ብሎ ነው ወይስ ገመዱን እንደመንቀል ያለ ነው? ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል? ራሱ ተመልሶ ይነሳል ወይስ ተጭናችሁ ነው? አብሮት የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ከካቻቢቴ በፊት ብዙ ሥራ ይሠራሉ። ሰማያዊ ስክሪን ካለ ቢያንስ ዊንዶውሱ ችግሩን አይቶታል ማለት ነው፤ ያኔ ድራይቨር ወይም ራም መጠርጠር ያስኬዳል። "ሹቲንግ ዳውን" ብሎ ከጠፋ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ወይም አፕዴት ነው ያዘዘው። እዚህ ግን ሁለቱም የለም። ቁልፉን ሲጫኑት ወዲያው ይነሳል፣ እንደ ጤነኛ ይሠራል።

"ሞኒተሩስ?" አልኳት ጸሐፊዋን።

"ሞኒተሩ አይጠፋም። ሲግናል የለም ይላል እንጂ እንደበራ ነው" አለችኝ። "ለዚህ እኮ ነው መብራት አይደለም ያልነው።"

ሁለቱም ከአንድ ኤክስቴንሽን ነው የሚወስዱት። መብራት ቢሆን ሁለቱም ይጠፉ ነበር። አሳማኝ ነው፤ እኔም ተቀበልኩት። ይህችን አረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ዊንዶውሱ ውስጥ ኢቨንት ቪወርን ከፈትኩ። ስታርት ላይ ስሙን ብትጽፉ ይመጣል። ዊንዶውስ ሎግስ ሥር ሲስተም የሚለውን ስትከፍቱ ቀይ ምልክት ያለባቸውን ታያላችሁ። ሁለት ቁጥር ነው የፈለግኩት። 41፣ ከርነል ፓወር የሚባለው፣ "ኮምፒውተሩ በትክክል ሳይዘጋ ነው የተነሳው" ይላል። 6008 ደግሞ "ከዚህ በፊት የጠፋው ባልታሰበ ሁኔታ ነው" ብሎ ሰዓቱን ይጽፋል። ልዩነታቸውን ልብ በሉ። 41 የሚመዘገበው ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሳ ስለሆነ ሰዓቱ የተነሳበት እንጂ የጠፋበት አይደለም። የጠፋበትን የምታገኙት 6008 ጽሑፉ ውስጥ ነው።

41ን ከፍቼ ዲቴይልስ የሚለው ውስጥ ገባሁ። በግቼክ ኮድ 0። ፓወር በተን ታይምስታምፕ 0። የመጀመሪያው 0 ማለት ዊንዶውስ ክራሽ አላደረገም፤ እየሠራ ባለበት ከእግሩ ሥር ምንጣፉ ተሳበ። ሁለተኛው 0 የፊት ለፊቱን ቁልፍ ነጻ ያወጣዋል። ቁልፉ ተጣብቆ እንደተጫነ ሲቀር ኮምፒውተር ከአራት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሞኝ ያውቃል፣ እዚህ ግን ምልክቱ የለም። እንግዲህ ፎርማቱ በከንቱ ነበር። ዊንዶውስ የማያውቀውን ነገር ዊንዶውስ በመቀየር አታድኑትም።

ኬዙን ከፈትኩት። ኮፒ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ የወረቀት ብናኝና የመንገድ አቧራ ተቀላቅሎ ሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ብረት) ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ፋኑ ይዞራል፣ አየር ግን የሚያልፍበት የለውም። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፤ ሙቀት ወደ ሂትሲንኩ የሚያሻግረው ቅባት፣ ተርማል ፔስቱ፣ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ከመክፈቴ በፊት ለክቼ ነበር። ሥራ ፈትቶ 68 ዲግሪ፣ ሲጫን 97። በብሎወር አጸዳሁ፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ሥራ ፈትቶ 41፣ ሲጫን 72 ሆነ። ደስ አለኝ። "አለቀ እትዬ፣ ሙቀት ነው" አልኳቸው። ከፈሉኝ፤ ቡና አፍልተው ካልጠጣህ አትሄድም አሉኝ።

ማክሰኞ አልጠፋም። ረቡዕም አልጠፋም። ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጠራ። "ልጄ፣ ደግሞ ጠፋብን እኮ" አሉ፤ ድምጻቸው ቁጣ የለውም፤ ድካም ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ እያሰብኩ ሄድኩ። ስህተቴ ከፊቴ ነበር። እንዲህ ያሉት ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ነው የሚቀንሱት፤ ራሳቸውን የሚያጠፉት ከዚያም ሲያልፍ ነው። 97 ደስ አይልም፣ ዕድሜም ያሳጥራል፣ ነገር ግን ለመጥፋት አይበቃም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ሰኞ ዕለት 6008ን ሳነብ ብዙዎቹ ጠዋት ሱቁ ገና ሲከፈት መሆናቸውን አይቼ ነበር። ሌሊቱን በርዶ ያደረ ኮምፒውተር በ20 ደቂቃ ውስጥ በሙቀት አይጠፋም። አይቼው ያላየሁት እሱን ነው። አቧራው ዓይኔን ሞላውና ሌላውን ረሳሁት።

ቀጥሎ የመጣብኝ ፓወር ሰፕላይ ነው። ልቀይረው አሰብኩ። ግን ይህ ዕቃ ከውጭ የገባ ስላሽ (ያገለገለ) ብራንድ ዴስክቶፕ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ቅርጹም ሶኬቱም የራሱ ነው፤ ሱቄ ያለው መደበኛው ኤቲኤክስ አይገባበትም። ፈልጎ ማስመጣት ቀናት ይወስዳል። ይህ መዘግየት ነው በኋላ ያዳነን። ዕቃው እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ ቀይሬ፣ ሁለት ቀን ደህና ውሎ፣ ተመልሼ ነበር።

ከጎን ካለው መደብር ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዛሁ። ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። "ሲጠፋ ሦስት ነገር ጻፊልኝ" አልኳት። "ሰዓቱን፣ አንቺ ምን እየሠራሽ እንደነበር፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ምን እየሆነ እንደነበር። ሦስተኛውን እንዳትዘይው፣ ሞኝነት ቢመስልሽም ጻፊው።" ዎርዱንም አስተካከልኩላት። ሳይነኩት በየ10 ደቂቃው ነው ፋይሉን ለማገገሚያ የሚይዘው፤ ወደ 1 ደቂቃ አወረድኩት። ችግሩ እስኪገኝ ቢያንስ ሰው እንዳያለቅስ።

ማታ የድሮውን ራም ቤቴ ወስጄ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ሜምቴስት በሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አስፈተንኩት። አራት ዙር ዞረ፣ ስህተት ዜሮ። ጤነኛ ራም ነበር የተጣለው።

ደብተሩን ያነሳሁት ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ነው። በስድስት የሥራ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ጠፍቷል። ከኢቨንት ቪወሩ ጋር ላመሳስለው ቁጭ አልኩ፤ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስታደርጉት እንዳያምታታችሁ። ደብተሩ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ነው፤ ዊንዶውሱ በፈረንጅ። ደብተሩ ላይ ጥቅምት 15፣ 3፡07 የሚለው፣ ዊንዶውሱ ላይ ኦክቶበር 25፣ 9፡07 ነው። ስድስት ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ ልዩነቱን ካስተካከልኩ በኋላ ሁሉም ገጠሙ። ልጅቷ አንድም አላመለጣትም። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ማግኘት ዕድል ነው።

አምስቱ ጠዋት ናቸው፤ ከ2፡50 እስከ 3፡20። ሦስቱ ከምሳ በኋላ፣ ከ7፡30 እስከ 7፡50። አንዱ 9፡40 ላይ። ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ሱቁ እንደ ንብ ቀፎ በሚሆንበት፣ ኮምፒውተሩም ኮፒ ማሽኑም ፋታ በማያገኙበት ሰዓት፣ አንድም ጊዜ አልጠፋም። እኔ የጠበቅኩት ግልባጩን ነበር። ፓወር ሰፕላይ የደከመ ወይም ሙቀት የበዛበት ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛ ነው የሚወድቀው። ይሄ ሥራ ሲበዛ ይጠነክራል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይወድቃል።

የ9፡40ዋን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው የጻፈችው፦ "ምንም አልነካሁም። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። አንድ ሰውዬ መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ መጣ። እትዬ ኮፒውን ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ጠፋ።"

"ኮፒ ማሽኑ ከዚያ በፊት ሲሠራ ነበር?" አልኳት።

"ኧረ ቆይቷል። ተኝቶ ነበር፤ መብራቷ ብቻ ብልጭ ብልጭ ትል ነበር።"

ወደ ሌሎቹ ተመለስኩ። ጠዋት ገና ሲከፈት ኮፒ ማሽኑ ቀዝቅዞ ያደረ ነው። ከምሳ በኋላም ተኝቶ የቆየ ነው። ዘጠኙም ጋ አንድ ሰው መጥቶ ኮፒ የጠየቀበት ቅጽበት አለ። ከዚያ እትዬን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ መልሳቸው ሁሉንም ቦታ ቦታው አስያዘው። "እትዬ፣ ያን ሰሞን ካጸዳሁት በኋላ ማክሰኞና ረቡዕ ያልጠፋው፣ ኮፒው ምን ሆኖ ነበር?" ትንሽ አሰቡና፣ "ቶነር አልቆብን ቆሞ ነበር አይደል? ሐሙስ ጠዋት ነው የተሞላው" አሉ።

ቶነር፣ የኮፒው ዱቄት ቀለም፣ ነው እንግዲህ እኔን ሁለት ቀን ጎበዝ ያስመሰለኝ። ራሙ ከተቀየረ በኋላ ያሉት ሁለት ደህና ቀናትም ምን እንደነበሩ ጠየቅኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ናቸው፣ ሱቁ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል።

ኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ቶነሩን ወረቀቱ ላይ አቅልጦ የሚያጣብቅ ማሞቂያ አለ፤ ፊውዘር ነው የሚባለው። ብዙ ጊዜ 180፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ድረስ መሞቅ አለበት። እዚህኛው ማሽን ውስጥ የሚያሞቀው ሃሎጅን አምፖል ነው። እንዲህ ያለ አምፖል ሲቀዘቅዝ ክሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያው ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ሲሞቅ ይረጋጋል። ለዚህ ነው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ችግር ያልነበረው፤ ማሽኑ ሳያቋርጥ እየሠራ ክሩ ሙቅ ነው። ተኝቶ ሲነቃ ግን አንዴ ጎምዥቶ ይውጣል፤ የሚስበውም ኮምፒውተሩ ከተሰካበት ከዚያው ኤክስቴንሽን ነው። ቤታችሁ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችኋል፤ ነገሩ የዚያ ዘመድ ነው።

ግምት ብቻውን አይበቃም፤ መለካት ነበረብን። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል፣ መልቲሜትሬን ኤክስቴንሽኑ ላይ ሰካሁ፤ ዝቅተኛውን ቁጥር የሚይዝልኝ ዓይነት ነው። ኮምፒውተሩን ዊንዶውስ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማስተካከያ ገጽ፣ ባዮስ፣ ላይ አቆምኩት። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ እየሠራ ያለ ዊንዶውስ እያጠፋችሁ ሃርድ ዲስክ አትጎዱም። ሁለተኛ፣ እዚያ ላይ እያለ ከጠፋ ዊንዶውስ ምንም ተጠያቂ እንዳልሆነ ተረጋገጠ፣ ክርክር የለም።

ኮፒው ሳይሠራ 214 ቮልት። እትዬን ኮፒ ይጫኑልኝ አልኳቸው። ሜትሩ ወረደ፤ ዝቅተኛው 178፣ ከዚያ ማሞቂያው እየሠራ 198 ላይ ቆየ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። 40 ደቂቃ አቀዘቀዝነው። ሁለተኛው 175፣ አልጠፋም። ጸሐፊዋ "ሲያዩት አይጠፋም እኮ፣ አመሉ ነው" አለች። እንደገና 40 ደቂቃ። ሦስተኛው ላይ እትዬ ቁልፏን ሲጫኑ የኮፒው ውስጥ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፣ የኮምፒውተሩ ፋን ድምጽ ቀጥ አለ፣ ሞኒተሩ "ሲግናል የለም" አለ። ሜትሩ 171 ይላል። ሜትሬ ፈጣን አይደለም፤ እውነተኛው ቅጽበታዊ ዝቅታ ከዚያም በታች ነው። ሦስታችንም ዝም አልን። ለአስር ቀን ስንፈልገው የነበረው ነገር ፊታችን ሆነ።

አሁን ወደዚያች አረፍተ ነገር። መብራት ቢሆን ሞኒተሩ ለምን አልጠፋም? መልሱ ዕቃዎቹ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት አነበብኩት። የሞኒተሩ አዳፕተር "100-240 ቮልት" ይላል። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ "200-240 ቮልት" ይላል። ለሞኒተሩ 171 ቮልት ምቹ ቦታ ነው። ለኮምፒውተሩ ከወለል በታች ነው። በዚያ ላይ ሞኒተሩ ጥቂት ዋት ነው የሚፈልገው፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ጥቂት ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) ትንሿን ክፍተት ያሻግረዋል። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ከዚያ እጥፍ ድርብ ነው፤ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ራሱ መብራት ሲቋረጥበት ከ16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በላይ እንዲቆይ አይጠበቅም፤ ዓመታት የሠራ ደግሞ ካፓሲተሩ ስለሚደክም ከዚያም ያንሳል። ለዚህ ነው አንዴ ተርፎ አንዴ የሚጠፋው። 175 ላይ ይተርፋል፣ 171 ላይ ይወድቃል። ጠርዝ ላይ ስለቆመ ነው "ዝም ብሎ" የመሰለን።

ግን ገና አላለቀም። ኮፒ ማሽን ያለው ሱቅ ሁሉ ኮምፒውተሩ አይጠፋም። አምስት አምፔር የሚል ማሽን 214ን ለምን 198 ያደርገዋል? ከመንገዱ መስመር ከሆነ እኛ የምንሠራው ነገር የለም። ለመለየት ኮፒውን ከኤክስቴንሽኑ ነቅዬ ማዶ ባለው ሌላ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ ቀዘቀዘ፣ አስጀመርነው። ከ214 ወደ 207። ብቻ። ስለዚህ መንገዱም ቆጣሪውም ደህና ናቸው። ቮልቱን የሚበላው ያ አንድ ሶኬት ወይም ኤክስቴንሽኑ ነው።

ኤክስቴንሽኑ የተሰካበት ሶኬት ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ነው። መደርደሪያውን ስንስበው ሽታው መጣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ የቆየ። ስፒናውን ስነካው እጄን መለስኩ። ሶኬቱ ነጭ ነበር፤ አንደኛዋ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል።

ብሬከሩን አጥፍቼ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጬ ነው የፈታሁት። እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ ሶኬት አትንኩ፤ የፓወር ሰፕላይን ሣጥን ደግሞ ቢነቀልም እንኳ አትክፈቱ፣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ተነቅሎም ኃይል ይይዛል። ሶኬቱ ውስጥ የኒውትራሉን ሽቦ የምትይዘው ቪቴ ላልታለች። ሽቦው ስር ጠቁሮ፣ ፕላስቲክ ልባሱ ተኮማትሮ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሳብ ሳደርገው ሳይታገል ወጣ። አስቡት፤ ከወረደው 16 ቮልት በሌላኛው ሶኬት ላይም የታየው 7 ቢቀነስ እንኳ 9 ቮልት ገደማ እዚያች ላላ ያለች ነጥብ አካባቢ ይቀራል፣ በ5 አምፔር ሲባዛ 45 ዋት ነው። እኔ ቦርድ የምበይድበት ሶልደሪንግ አይረን 60 ዋት ነው። ከእሱ ብዙም የማይርቅ ነገር ነው እንግዲህ ግድግዳው ውስጥ፣ ከወረቀት መደርደሪያ ጀርባ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ሲቀጣጠል የከረመው።

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። "የሰው ዶሴ እኮ ነው እዚህ ያለው" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮምፒውተሩ አልጠየቁኝም። እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮምፒውተሩን እንደ በሽተኛ አላየሁትም። ቤቱ ሊቃጠል መሆኑን ሲነግራቸው የከረመው እሱ ነው።

ጠረጴዛው ሥር አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ተጥሎ የእግር ማሳረፊያ ሆኗል። ለምን እንደተነሳ ጠየቅኩ። "ኮፒው ሲሠራ ይጮህ ነበር፣ አስቸገረን" አሉኝ። 650 ቪኤ ነው፤ 390 ዋት ገደማ ቢችል ነው። ከ1000 ዋት በላይ የሚስብ ኮፒ ማሽን ተሰክቶበት መጮህ ሲያንሰው ነው። ሌዘር ፕሪንተርና ኮፒ ማሽን እንዲህ ባለ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰኩም።

በማግስቱ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራን። ሶኬቱ ተቀየረ። የነበረው ገመድ 1.5 ካሬ ስለነበር ለኮፒው ብቻ ከብሬከር የሚመጣ የራሱ ባለ 2.5 ካሬ መስመር ተዘረጋ፤ ኮምፒውተሩ በሌላኛው ቀረ። ሌሎቹን የሱቁን ሶኬቶችም አስፈታን፤ አንድ ሌላ የላላ ቪቴ ተገኘ፣ ጠበቀ። ሶኬቷ ብቻዋን ለራሙ ከተከፈለው አንድ አስረኛውን አላወጣችም። ዩፒኤሱን አልጣልኩትም፤ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ አዲስ ባትሪ ገባበትና ኮምፒውተሩ፣ ሞኒተሩና ዋይፋዩ ብቻ ተሰኩበት። ስፒናውን ከግድግዳ ነቅዬ ሞከርኩት፣ 11 ደቂቃ ያዘ። ጽፎ ለመጨረስና ሴቭ ለማድረግ ይበቃል።

ዩፒኤሱን ከማስገባቴ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሽቦው ብቻ ተስተካክሎ፣ ዩፒኤስ ሳይኖር፣ ቀኑን ሙሉ ኮፒውን እያቀዘቀዝን አስነሳነው። ስምንት ጊዜ። ከ208 በታች አልወረደም፣ ኮምፒውተሩ አንዴም አልጠፋም። ሁለቱን አንድ ላይ ብሠራ ኖሮ የትኛው እንዳዳነው አላውቅም ነበር፤ ዩፒኤሱ የሚነደውን ሶኬት ሊሸፍነው ሁሉ ይችል ነበር።

ፓወር ሰፕላዩ ያው አሮጌው ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ካፓሲተሩ መድከሙ ግን አይቀርምና እትዬን አስጠንቅቄያለሁ፣ ትርፍ አንድ ተገዝቶ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ ብያለሁ። የጠፉት ፎርሞች አልተመለሱም። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ብዙ ተጽፎበታል፤ በማገገሚያ ፕሮግራም ፈልጌ ያገኘኋቸው ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ግማሾቹ አይከፈቱም። ጸሐፊዋ ከድሮ ደንበኞች የታተመ ኮፒ እየለመነች አንድ በአንድ እንደገና እየጻፈቻቸው ነው። ፍላሽ ገዝቼላት ማታ ማታ ትገለብጣለች።

ደብተሩን አልወሰድኩም። እስከ ኅዳር መጨረሻ ጻፊ ብያት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የተጻፈው፦ ኅዳር 12፣ 5፡15፣ "ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም።"

ባለፈው ሰሞን ከጎናቸው ያለው ጸጉር ቤት ባለቤት መጥቶ የእሱም ኮምፒውተር አንዳንዴ እንደሚጠፋ ነገረኝ። ፎርማት አድርግልኝ አለኝ። ካውያና ጸጉር ማድረቂያ የሚሰኩበትን ሶኬት አሳየኝ አልኩት። ስፒናውን በእጄ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእሱም ደብተር ሰጥቼው ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።